ደወሉ ሲጮህ ወዴት ነው የሚሮጥ?

የእሳት ማንቂያ መግጠም እንጀራዬ ነው። ደብረ ታቦር ሆቴል ውስጥ ገጥሜያለሁ፣ ንፋስ መውጫ መጋዘን ውስጥ ገጥሜያለሁ፤ አንዱም እንደ አባቴ ቤት አላስቸገረኝም። የአባቴ ቤት ስል ዕቃ ቤቱን ማለቴ ነው። አባቴ የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተ ልሔም ብዙም በማትርቅ አንዲት ደብር ድጓ ያስተምራሉ፤ የዕቃ ቤቱም ጠባቂ እሳቸው ናቸው። ደብሯ ለብራና መጻሕፍቷ አዲስ የድንጋይ ቤት ስታሠራ «ማንቂያውን ልጅዎ ይግጠምልን» ተባሉና ደወሉልኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ አባቴ ሥራዬን አንድ ቀን እንኳ ቆመው አይተውት አያውቁም ነበር።

ዱካ አስመጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጥፍቼ ተመለስሁና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በመፈተሻ መነካካት ጀመርሁ።

«አጥፍተኸው የለም እንዴ?»

«አጥፍቻለሁ አባባ። ማጥፋቴን ግን አላምነውም።»

«መልካም» አሉ፤ «እኛም ንዋየ ቅድሳቱን ስንረካከብ እንዲያው ነን።»

ከዚያ በኋላ የማያዩት የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። በሩ አጠገብ ጭስ የሚያሸት ሳይሆን ሙቀት የሚለይ ማንቂያ ስሰቅል ለምን አሉኝ። የማዕጠንቱ ጢስ ከቅኔ ማኅሌቱ እየመጣ በየቅዳሴው እንዳያስጮኸው ነው አልኋቸው። ባትሪውን ሳስገባም ጠየቁ፤ የእኛ አገር መብራት ከመኖሩ መጥፋቱ እንደሚበዛ ግን እሳቸውም አያጡትም። የማንቂያውን መቆጣጠሪያ ፓኔል በላፕቶፕ አስተካክዬ የክፍሎቹን ስም ልጽፍበት ስል የግእዝ ፊደል እንቢ አለኝ። በላቲን ፊደል ጻፍሁት። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና ሳቁ።

«ግእዝ የማያነብ ዘበኛ ቀጠራችሁ በለኛ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ።»

እንዲያ ሲስቁ ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ አባቴንም ካህናቱንም ሰብስቤ ነገርኋቸው። ይህ ነገር ሲጮህ ሁሉም ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ ከበሩ ፊት ያለው ጥድ ሥር ይቆማል። ማንም ወደ ውስጥ አይገባም። «እሺ፣ እሺ» ተባለ። ወጣ ብለው ፀሐይ መሞቅ ሲጀምሩ ውስጥ ጭስ ወደሚያሸተው ማንቂያ የመፈተኛውን ጭስ ረጨሁና ጥዱ ሥር ሄጄ ቆምሁ።

ደወሉ ጮኸ። አጥሩ ጥግ ተቀምጠው የነበሩት አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና ወደ ውስጥ ሮጡ። ካህናቱም ተከተሏቸው። ወዲያው ከታች ከአውድማው ሰዎች መንሽ እንደያዙ መጡ፤ ሴቶች ውኃ በጀሪካን ተሸክመው መጡ፤ ሁሉም ወደ ውስጥ። ከበሮው፣ ጃንጥላው፣ ጸናጽሉ በሰው እጅ እየተቀባበለ ይወጣል። ጥዱ ሥር የቆምሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር ብል አያሳፍረኝም። በእኛ አገር ኡኡታ ሲሰማ ወደ ኡኡታው ነው የሚኬደው፤ ከኡኡታ የሸሸ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይታማል። እኔ ግን ያን ጊዜ ንዴቴ ቀደመ። ደወሉን አጥፍቼ ስገባ አባቴ ጥግ ላይ ትልቁን የድጓ መጽሐፍ አቅፈው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ከእሳቱ በፊት ጭሱ ነው የሚገድል! ሲጮህ ይውጡ አላልሁዎትም?»

በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለታችን ቀርተን ዕቃውን ወደ ቦታው መመለስ ያዝን።

«የድሮው ቤታችን ሲቃጠል» አሉ አባቴ፣ ከበሮውን እየሰቀሉ፣ «ሰው ሁሉ ‹አይግቡ፣ ጣሪያው ሊወርድ ነው› ብሎ ይዞኝ ነበር። እናትህ ውኃ ወርዳለች። አንተ መደቡ ላይ ተኝተሃል።»

ቤቱ መቃጠሉን አውቅ ነበር። እኔ ውስጥ እንደነበርሁ ግን እሳቸውም ሆኑ እናቴ ነግረውኝ አያውቁም።

«ያን ለት አይግቡ ያሉኝን ብሰማ ኖሮ፣ ዛሬ ይኸን ሽቦ ማን ይዘረጋው ነበር?»

እንባዬን ላለማሳየት መሰላሉን ማጣጠፍ ጀመርሁ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ነገ እውነተኛ እሳት ቢነሣ ያ ደወል አባቴን ወደ እሳቱ ነው የሚጠራቸው፤ የገጠምሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ገመዱን ነቅዬ ልሂድ ወይ ብዬም አሰብሁ።

አልነቀልሁም። በማግሥቱ እንደገና ልፈትነው ስል ሙከራ መሆኑን ለሕዝቡ ካህናቱ ነገሩልኝ። አባቴ ከካህናቱ ጋር ውስጥ መደርደሪያውን እያስተካከሉ ነበር። ስለ ጭስ ምንም አልነገርኋቸውም።

«አባባ፣ ሲጮህ እኔ ጥዱ ሥር ነኝ» ብቻ አልኋቸው።

ደወሉ ጮኸ። ካህናቱ ወጡ። አባቴ አልወጡም። እሳት እንደሌለ፣ ጭሱን የረጨሁት ራሴ እንደሆንሁ እያወቅሁ እግሬ ወደ በሩ ተራመደ፤ ለካ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። በሩ ጋ ሳልደርስ ብቅ አሉ። እጃቸው ባዶ ነው። ካህናቱን አልፈው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ራሴን በመዳፋቸው ዳበሱኝ፤ ጎልማሳ መሆኔን የረሱት ይመስላሉ።

«አለህ?»

«አለሁ አባባ።»

ዞር ብለው ደወሉ የሚጮህበትን ቤት አዩት።

«እንግዲያ ውስጥ ማንም የለ» አሉ።