ፊት የሌለው ገጽ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጬ ያረጁ ፎቶዎችን በኮምፒውተር አድሳለሁ። አብዛኞቹ የሞቱ ሰዎች ፎቶዎች ናቸው፤ ቤተሰብ ለሙት ዓመት በትልቁ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቅላቸዋል። ሥራውን የምወደው ዝምታ ስላለበት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት መናገር ያስጨንቀኛል፤ ስልክ ሲጠራ እንኳ እስኪያቆም የምጠብቅበት ጊዜ አለ።

ቀድሞ ሥራ የሚልክልኝ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ከእሱ በቀር የሚያውቀኝ እንደሌለ ገባኝ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ እንድከፍት መከረችኝ። ከፈትኩ። ሙያዬንና ስልኬን ጻፍኩ፤ የራሴ ፎቶ የሚገባበትን ክብ ግን ባዶውን ተውኩት። ሳምንታት አለፉ፤ የጠየቀኝ የለም።

«ሥራሽን አሳዪ እንጂ» አለችኝ ጓደኛዬ። «ከመታደሱ በፊትና ከታደሰ በኋላ ጎን ለጎን አድርገሽ ልቀቂው። ሳያይ ማን ያምንሻል?»

እውነቷን ነበር። ችግሩ የኔ ሥራ የሰው ሐዘን መሆኑ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ከቡሬ መጡ። የሟች ልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ቀደም ብለው ሰጥተውኝ ነበር፤ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ በግራ ዓይኑ ላይ ያልፋል። የታደሰውን ስሰጣቸው ቁጭ ብለው ብዙ አዩት። እንደምንም ደፍሬ ገጼ ላይ ባወጣው ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ማን ያየዋል?»

«ፎቶ ማሳደስ የሚፈልጉ ሰዎች። ሌላም ሰው ያየዋል።»

«አይተውት ምን ያደርጋሉ?»

«አንዳንዱ ሥራ ይሰጠኛል። ሌላው አይቶ ያልፋል።»

«የኔ ልጅ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም» አሉ። ከዚያ ለስለስ ብለው «ያንቺስ ፊት አለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለበትም።»

«እህ» አሉ። ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

አልተቀየሙኝም። እኔ ግን ከእሳቸው በኋላ የማንንም ፎቶ መጠየቅ አልሆነልኝም። የቀረኝ የራሴ ሐዘን ነበር። አባቴ የሞተብኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያለን አንድ ፎቶው ሠርግ ላይ የተነሳው ነው፤ ከሰው ኋላ ቆሞ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ትከሻ አንድ ጉንጩን ጋርዶታል። የሰውን ሁሉ እያደስኩ የእሱን ለዓመታት አልነካሁትም ነበር።

ገጠር ላለችው እናቴ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኋት።

«አባትሽ እንዳንቺው ነበር» አለች። «ፎቶ ሲባል ከሰው ኋላ ይሸሻል። አውጪው፤ ግን ያላየሽውን አትጨምሪበት።»

የተጋረደውን ጉንጭ በኮምፒውተር መሥራት እችል ነበር፤ ተውኩት። ሻጋታውንና ጭረቱን ብቻ አጽድቼ ለቀቅኩት። ከሥሩ አባቴ መሆኑን፣ ያልታየ ፊት ከራሴ እንደማልፈጥር፣ የደንበኛን ፎቶም ያለ ፈቃድ እንደማላወጣ ጻፍኩ። ከዚያ ስልኩን አጥፍቼ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።

መልእክቶቹ ቀስ እያሉ መጡ። አንዲት ሴት ከዱርቤቴ የሟች እህቷን ፎቶ ላከችልኝ። ሌላ ቦታ አሳድሳው፣ እህቷ የማትታወቅ ቆንጆ ሆና ተመለሰችላት። «የራሷን ፊት መልሺልኝ» ብላ ጻፈች። ከእሷ በኋላ ሌሎች ተከተሉ፤ ብዙ ባይሆኑም ሥራዬ አልተቋረጠም። ለሁሉም በጽሑፍ እመልሳለሁ፤ ደንበኞቼም ለምደውታል።

ባለፈው እናቴ ለገበያ ከተማ ስትመጣ «የአባትሽን አሳዪኝ» አለች። ከፈትኩላት። ማንበብ ስለማትችል ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን አንድ በአንድ አነበብኩላት። «ነፍስ ይማር» ባልኩ ቁጥር «አሜን» ትላለች። አንዱ ግን ቀልዶበት ነበር። እሱ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ምን ይላል?» አለች።

«ምንም።»

ፊቴን አየት አደረገችው። «በይ ቀጥይ» አለች።

ቀጣዩን አነበብኩላት። «አሜን» አለች።