የእትዬ ጉልበት ስፌት

ልብስ ሰፊዋ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ታዲያ እሷን ምን አገባት?» የሚል ነገረኛ እንዳይነሳብኝ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ሁለቱ ተጋግዘው የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፉ ነበር። እሱ ሲሞት የስፌት መኪናውን፣ አንዲት ሴት ልጅና መንገድ ዳር ያለችውን ጠባብ ክፍል ይዛ ቀረች። ክፍሏ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ የሚጀምርበት ጥግ ላይ ናት፤ ከደጃፏ የውሃ ቧንቧ አለ። የተራራ ብስክሌት የሚነዱት ሰዎች እሁድ እሁድ ጠዋት ኮዳቸውን ሊሞሉ እዚያ ይቆማሉ። መቆሙን ይቁሙ፣ ግን ዝም አይሉም።

ክርክራቸው ለጉድ ነው። አንዱ መሬት የሚይዘው ሰፊ ጎማ ነው ሲል ሌላው ሰፊ ጎማ ዳገት ላይ እንደ በሬ ያስጎትታል ይላል። ፖስተኛውማ በተለይ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከደጅ ደጅ ሲዞር ያጠራቀመውን ወሬ እሁድ ያራግፈዋል። ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል ያየ እንደሆነ «ሰው በገዛ ገንዘቡ እግሩን ያስራል?» ብሎ ይጀምርና ስለ ንዝረት መቀነሻው ሞላ፣ ስለ ኮርቻው፣ ስለ ሄልሜቱ አስተያየቱን ሳይሰጥ አይላቀቅም። ዳቦ ጋጋሪው ግን ቁጥብ ሰው ነው። ሁሉንም ሰምቶ ሰምቶ «ፍሬኑ ካልያዘ ሌላው ጌጥ ነው» ይልና ውሃውን ይጠጣል።

የሰፊዋ ልጅ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እሁድ ከእነሱ ጋር ነው የምትወጣው። አንድ ቀን ሁለቱም ጉልበቶቿ ተልጠው መጣች። እናትየው «ተይው ይቅርብሽ» ብትላት እንደማትሰማ ታውቃለች፤ ልጅቷ በዚህ ቁርጥ አባቷን ናት። ስለዚህ ነገር ማብዛቱን ትታ ከመኪና ወንበር የተረፈ ጠንካራ ስፖንጅ አወጣች፣ በወፍራም ሸራ ለበጠችው፣ ላስቲክና ማሰሪያ ሰፋችበት። የጉልበት መከላከያ ሆነ።

ብስክሌተኞቹ አይተው ለእኛም አሉ። ለብሰው ወጡ፣ ወርደው ደግሞ አማረሩ። «ከኋላ ስፌቱ ይፍቃል።» «ስታጥፈው ይጨመደዳል።» እሷም ቅር ሳትሰኝ ትፈታለች፣ መልሳ ትሰፋለች። አንድ ቀን ራሷ አጥልቃው ወለሉ ላይ ስትድህ ጎረቤቷ በበሩ አየቻትና «ምን ጠፋብሽ?» አለቻት። «ጉልበቴን ነው የምፈልገው» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስሟ እትዬ ጉልበት ሆኖ ቀረ። የመኪና ወንበሩን ሥራ እየተወች ኑሮዋን በዚሁ ያዘች። ደስ ይላት ነበር፤ በገዛ እጇ የሠራችው ነገር የሰው ገላ ሲያድን ማን ደስ አይለው?

አንድ ነገር ብቻ አልሆን አላት፦ ሙቀቱ። ዳገቱን ሲወጡ ጉልበታቸው ስለሚፈላ ማሰሪያውን አላልተው መከላከያውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዝቅ ያደርጉታል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር መልሰው ይስቡታል። ይስቡታል መባሉ ነው እንጂ፣ አናት ላይ ሲደርሱ ነፋሱ አለ፣ ጨዋታው አለ፣ ይረሱታል። ይህን ያየችው ልጅቷ ራሷን ዘበኛ አደረገች። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ብስክሌቷን አግድም ታቆምና «ጉልበት!» ብላ ትጣራለች፤ ሁሉም መከላከያውን ወደ ቦታው እስኪመልስ አታሳልፍም። ፖስተኛውን ክርክሩ መሃል አቋርጣ ስንት ጊዜ መልሳዋለች። ያጉረመርማል፣ ግን ይስባል። እሷ ከጀመረች ወዲህ ጉልበቱን የተጎዳ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የወደቀችው እሷው ሆነች።

ድንጋያማው መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዋ ሸሸባት። ዳቦ ጋጋሪው አዝሏት ወረደ። ግራ ጉልበቷ ተከፍቶ ነጩ አጥንት ይታይ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ሲሰፉላት እናትየው፣ ዕድሜዋን በመርፌ የገፋች ሴት፣ ማየት አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደርሰው ሲያነሷት መከላከያው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር። ሁሉም ስትወድቅ ተንሸራትቶ ነው አሉ። ልጅቷ ያን ሰዓት ከሕመሙ በቀር ሌላ አይታያትም፣ ምንም አላለች። በማግስቱም ምንም አላለች። እንዲህ ያለው ነገር በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ በየቀኑ እየከበደ ነው የሚሄደው። ፖስተኛው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ነገር የሚያድርለት ሰው አይደለም፦ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ ተንሸራትቶ እግሯ ላይ!» እያለ ከደብዳቤው ጋር አብሮ አደለው። ክፋት የለበትም፣ እውነት መስሎት ነው። ሰዉ ከሱቅ የተሠራ መግዛት ጀመረ። የእትዬ ጉልበት ደጃፍ ጭር አለ።

እሷ ግን ታውቃለች። ከክሊኒክ በተመለሱ ዕለት መከላከያውን ልታጥብ ሳፋ ውስጥ ስትነክረው ነው ያወቀችው። የላይኛው ጠርዝ በደም ርሷል፤ ጉልበቱን የሚሸፍነው የውጭ ፊቱ ግን ጭረት የለበትም፣ አቧራ እንኳ አልነካውም። ድንጋይ ላይ የወደቀ ነገር እንዲህ አይሆንም። አልጋውን በከለለው መጋረጃ ቀዳዳ ልጇን አየቻት፤ ፊቷን አዙራ ተኝታለች። እናትየው መከላከያውን ጨምቃ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ የያዘችው ሥራ ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። ያልተሸጡትን እያወጣች ጤነኛውን ማሰሪያ ትፈታና መልሳ ትሰፋዋለች።

«እማ፣ ምኑ ተበላሸና ትፈቺዋለሽ?» አለቻት ልጅቷ ከአልጋዋ።

«ላስቲኩ ላልቶ ይሆናላ።»

ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

አንድ እሁድ ብስክሌተኞቹ ቧንቧው ጋ ቆመው ሳለ ፖስተኛው የራሱን መከላከያ በእጁ ይዞ ገባ። ዳቦ ጋጋሪውም ተከትሎት በሩ ላይ ቆመ። ፖስተኛው ያ ሁሉ አፉ የት እንደገባ እንጃ፣ ይንተባተብ ጀመር።

«እትዬ፣ ቅር አይበልዎት… እኔ እንኳ ለእርስዎ ብዬ… ግን ይህን አድርጌ ቁልቁለቱን መውረድ ፈራሁ። ልመልስልዎት ብዬ ነው።»

«እውነትህን ነው» አለች ሰፊዋ ቀና ሳትል። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማሰሪያውን አላልቼ ሰፍቼ የልጄን ጉልበት ያስበላሁት እኔ ነኝ። ለሌሎቹም ንገራቸው።»

መጋረጃው ተገለጠ። ልጅቷ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ተደግፋ፣ በፋሻ የታሰረ እግሯን እየጎተተች ወጣች።

«መከላከያው አልተንሸራተተም» አለች። «ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። ወደ ላይ አልሳብኩትም። እናንተን ሁሉ እንድትስቡ አድርጌ፣ የራሴን ረስቼ ወረድኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ደግሞ አፍሬ ዝም አልኩ።»

እናትየው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ማን ተናገሪ አለሽ?»

«እማ… ታውቂ ነበር እንዴ?»

«የሰፋሁትን በእጄ አጥቤው እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ስምሽን እንዲህ ሲያጠፉት ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልጮኽሽብኝም?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ተመልሼ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ» አለች እናትየው። «እነዚህ ግን ነገ እዚያ አናት ላይ ስትጣሪያቸው ‹አንቺ ራስሽስ?› ብለው ጥለውሽ ቢወርዱስ? ያኔ የማንን ልጅ አዝለው ሊመጡ ነው? አንቺን በዚያ ሁኔታ ስትመጪ አይቻለሁ። ሌላ እናት እንድታይ አልፈልግም። ስሜ ከሆነ ይጥፋ፣ አልኩ።»

ተቀምጣ አለቀሰች። ልጅቷ እንደምንም ጎንበስ ብላ አንገቷን አቀፈቻትና እሷም አለቀሰች። ፖስተኛው ምን ይበል? ያን ሁሉ ወሬ በየደጁ ያደለ እሱ ነው። «ማሩኝ፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፤ ያመጣውን መከላከያ መልሶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። «ነገ በየቤቱ ዞሬ እውነቱን እናገራለሁ። የዞርኩበትን ደጃፍ ሁሉ አውቀዋለሁ።»

«የልጅቷንም ስም ልታዞረው ነው?» አለች ሰፊዋ።

«ያዙረው፣ እማ» አለች ልጅቷ። «እውነት ነው እኮ።»

ዳቦ ጋጋሪው ከበሩ ሳይነቃነቅ ልጅቷን አያት። «እግርሽ እስኪድን እኔ እጣራለሁ» አላት። «ሲድን ግን ቦታሽ ያው ነው። እስከ ዛሬ የሰማንሽ የማትረሺ ሰው ስለሆንሽ መሰለሽ? ስለምታስቢልን እኮ ነው።»

ልጅቷ ዞራ እናቷን አየቻት። እናትየው ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ስሚው» አለቻት። «ሲድንልሽ አብረሻቸው ውጪ።»