በበርሜሉ ዙሪያ የተጠረገ አሸዋ

በመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ስሙን የሚያነሳው የለም፤ «ጠርጥር» ነው የሚሉት። ካምፑ በረሃው ዳር ነው፤ ጥቂት የቆርቆሮ ክፍሎችና የማሽን መጋዘን፣ ከዚያ ወዲያ አሸዋና እሾህ። የመጋዘኑ ዘበኛ እሱ ነው። በሩን ቆልፎ ይሄድና ተመልሶ ይነቀንቀዋል፤ ጥቂት ተራምዶ ደግሞ የነቀነቀውን እጁን ይጠረጥራል። ሲስቁበት፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላቸዋል።

እህቱ ከመካኒኩ ባሏ ጋር ከጎኑ ባለው ክፍል ትኖራለች። ሦስቱም የሚጠጡት ከጓሮው ግድግዳ ጥግ ከቆመው በርሜል ነው። የውሃ ቦቴው የሚመጣው መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሰሞኑን ግን ውሃው ማንም ሳይነካው መጉደል ጀመረ።

ጠርጥር ዓይኑን የጣለው አማቹ ላይ ነበር። መካኒኩ እጁ ንጹሕ ነው። ቀኑን ሙሉ ግራሶ ሲያቦካ የሚውል ሰው በምን ታጥቦ ነው?

ማታ ማታ በበርሜሉ ፊት ያለውን አሸዋ በመጥረጊያ ያስተካክል ጀመር። ጎህ ሲቀድ ተንበርክኮ ያያል፤ የጢንዚዛ ክር የመሰለ መስመር፣ እንሽላሊት ጭራዋን የጎተተችበት፣ የቀበሮ ክብ ክብ ዱካ። የሰው እግር ግን የለም። ሙት በሚለው በረሃ ይህን ያህል እንግዳ ማደሩ አልገረመውም።

«ዱካውን ያጠፋል ማለት ነው» አለ ለራሱ።

በርሜሉን ቆለፈው። ውሃው ጎደለ።

«እህት ዓለም፣» አላት በመጨረሻ፣ «ይሄ ሰውዬ ከዚህ ይውጣልኝ። ካልወጣ ለአለቃው እናገራለሁ።»

«ወንድምጋሼ፣ ባሌን በውሃ ሌብነት?»

«ሌባውን ነው ያልኩሽ። ስም አልጠራሁም።»

«እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ» አለችና ዕቃዋን ልትጠቀልል ገባች። ጠርጥር ሄዶ በርሜሉ አጠገብ ቆመ። እሷ ጨርሳ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ጆንያዬን ስጠኝ፤ የራሴ ነው።»

ጆንያው በርሜሉ ላይ የተጠቀለለው ነበር፤ ውሃው እንዲቀዘቅዝ ጠርጥር ራሱ ነው ያለበሰው። ቶሎ ቶሎ ማርጠቡ ሲሰለቸው አንዱን ጫፍ ከክዳኑ ሥር ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ ሌላውን በግድግዳው በኩል ወደ ታች ለቆት ነበር። ቁልፉን ከእሱ ተቀብላ ከፍታ ስትጎትተው፣ ከግድግዳው በኩል ያለው ጫፍ ከበርሜሉ የሳበውን ውሃ ጠብ፣ ጠብ አደረገ። በርሜሉን ገፋ አደረገችው። ከኋላው አሸዋው ጨቅይቷል፤ ለምለም ሣር በቅሎበታል፣ ጢንዚዛው ይርመሰመሳል፣ እርጥቡ መሬት በቀበሮ ጥፍር ተጭሯል። ጠርጥር ሲጠብቅ የከረመው ሰው የሚመጣበትን ፊት ለፊት ብቻ ነበር።

መካኒኩ ከበሩ ላይ ቆሞ ሳቁን ለቀቀው። «ጋሼ፣ ሌባውን ልብስ አልብሰው ነው እንዴ የሚጠብቁት?»

ጠርጥር የበርሜሉን ቁልፍ ከጓጉንቸሩ ጋር አነሳና ለአማቹ ዘረጋለት።

«ለእኔ ነው ወይስ ለቀበሮዋ?»

«ያዘው አልኩህ እኮ!» አለው ዓይኑን ሰብሮ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ጥቅልሉን ፍቺው በይ።»

እሷም ፈታችው።

አመሻሹ ላይ ግን ጠርጥር መጥረጊያውን ይዞ በርሜሉ ዘንድ ወጣ። እህቱ በመስኮት አየችው።

«ደግሞ ምንድነው?»

«ቀበሮዋ ተመልሳ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አላት፤ ዞር ብሎም የአማቹን ጫማ አየት አደረገ።