ከአሶሳ እስከ ማንቡክ

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ዘመን አሶሳ ውስጥ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት ብቻ ነበር። ሱቅ የከፈተውም ቢሆን የሚሸጠው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይልቃል ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለአንድ የአዲስ አበባ አማካሪ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ለክልሉ ቢሮዎች የውሃ ጉድጓድ ጥናት ሲሠራ ኖሯል። አጥንቶ ያስረክባል፤ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይከርማል፤ የየመንደሩ ሴቶችም ውሃ ለመቅዳት ያንኑ ወንዝ ይወርዳሉ።

የድርጅቱ ውል አልቆ ወደ አዲስ አበባ ሲጠራ፣ አስተማሪዋ ሚስቱ ዘመናይ፣ "ተማሪዎቼን በዓመቱ አጋማሽ በትኜ አልሄድም" አለችው። የእሱም ልብ አልከጀለም።

"ሰው ያጠናውን አንድ ቀን መቆፈር አለበት" ብሎ መልቀቂያ አስገባ።

ሥራ ፍለጋ የሄደው ዐብዱልቃድር ዘንድ ነበር። ዐብዱልቃድር በጥናቱ ጊዜ ከመንደር መንደር አብሮት እየዞረ በርታኛ ይተረጉምለት የነበረ ሰው ነው፤ አሁን የቢሮ ኃላፊ ሆኗል።

"እንደምን ዋሉ?" አለ ይልቃል በሩ ላይ ቆሞ።

"ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ የምትለኝ?" ዐብዱልቃድር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። "የአሶሳው ቦታ ለክልሉ ልጆች ነው፣ ወንድሜ። እኛ ወንበር ያየነው ገና አሁን ነው። ማንቡክ ግን ባለሙያ የለም። እሄዳለሁ ካልክ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።"

ማንቡክ የዚሁ ክልል ከተማ ሆና፣ በካርታ ከዓባይ ወዲያ ማዶ ናት። ለመንገደኛ ግን ወለጋን አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በጎጃም ዞሮ የሚደረስባት አገር ነበረች። ይልቃል የቧንቧ ዕቃ መነገድም፣ ማስተማርም አስቦ ነበር። ንግዱ መነሻ ገንዘብ ጠየቀው፤ ትምህርት ቤቱም ቅጥር ዘግቷል።

"ዓመት ምን አላት? እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ ትዛወራለህ" አለች ዘመናይ፣ ሻንጣውን እያሰረች።

ማንቡክ ላይ ቆፈረ። የመጀመሪያው ውሃ ሲወጣ የጉሙዝ ሴቶች እልል አሉ፤ ይልቃል ፊቱን አዙሮ እንባውን ጠረገ። ይህንኑ ለዘመናይ እስኪነግራት ቸኩሎ ሳለ፣ የወረዳው የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ አስጠራው። መልእክቱ ከአሶሳ ነው፤ ዘመናይን ወባ ይዟታል፤ ጠንቶባታል።

በጭነት መኪናም በአውቶብስም ገሰገሰ። ወለጋ ላይ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት አደረ። አሶሳ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ የለቅሶው ድንኳን ተነሥቷል፤ ግቢው ውስጥ የቀሩት ጥቂት የተማሪዎቿ እናቶችና ዐብዱልቃድር ናቸው። ዐብዱልቃድር ተነሥቶ አቀፈው።

"ማንቡክ የላክሁህ እኔ ነኝ" አለ።

"ሥራ ነው የሰጠኸኝ" አለ ይልቃል።

ወደ ማንቡክ አልተመለሰም። የቀድሞው ድርጅት ቢጠራውም አልሄደም። ቆይቶ ዐብዱልቃድር አሶሳ ላይ ቦታ አገኘለት፤ ይልቃል ግን ጥቂት ተቀምጦ ተወው። ከአሶሳ ብዙ በማትርቀው በባምባሲ ዙሪያ የተበላሹ የእጅ ፓምፖች እየጠገነ፣ ገበሬዎቹ በሰጡት ቤት እያደረ መኖር ያዘ።

አንድ ቀን ቀነኒ የምትባል የመንደሩ ሴት ጎኑ ቆማ ሥራውን ስታይ ቆየችና፣ "ሚስት የለህም እንዴ?" አለችው።

"አለች" አለ ቀና ሳይል፣ ብሎኑን እያጠበቀ። "አሶሳ ናት።"