ዘጠኙ ችካሎች

ይህ የደረሰብኝ ሞባይል ገና ገጠር ሳይገባ፣ ደብረ ማርቆስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት መሬት ላይ ተተክሎ ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ።

ትምህርት ቤታችን መምህራንን የሚያሠለጥን አንድ ፈረንጅ መጥቶ ነበር፤ ዳን ይባላል። ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ የሚበልጥ ዝርግ የፕላስቲክ ሳህን ነበረው። በአገሩ እነዚያን ሳህኖች ከሩቅ እየወረወሩ የብረት ቅርጫት ውስጥ የሚከትቱበት ጨዋታ አለ፤ ዲስክ ጎልፍ ይሉታል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። አንድ ቀን "በመኪና ሄደን በዚያው ቀን የምንመለስበት፣ ይህን የሚያጫውት ሜዳ የት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የለም" ብል ምን ነበረበት! ግን እንግዳ ጠይቆኝ፣ ያውም ስለ አገሬ፣ የለም ማለት ሞት መሰለኝ። የጨዋታው ሊቅ ይመስል ወረቀት አውጥቼ ሦስት ቦታ ጻፍኩለት፦ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ፣ ጉንደ ወይን። ደብረ ወርቅ ዳገት ይበዛዋል አልኩ። ዲማን መልሼ ራሴው ሰረዝኩት፤ ገዳም አጠገብ ሳህን ሲወረወር አይታየኝም። የቀረው ከጉንደ ወይን ወረድ ብሎ ያለው የወል የግጦሽ መስክ ነው። ዙሪያው ብሳናና ግራር፣ መሃሉ ለጥ ያለ ሳር። "ከዚያ የተሻለ አታገኝም" አልኩት አፌን ሞልቼ።

ቅርጫት ስላልነበረን በሳህኑ የሚመታ ዘጠኝ ችካል አስጠረብን። ከሩቅ እንዲታዩም ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ መኪና ሄድን። ዳን በእርምጃ እየለካ ቦታውን ያሳየኛል፣ እኔ ችካሉን በድንጋይ እየመታሁ እተክላለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ። የሰው መስክ ላይ ችካል መትከል ምን ማለት እንደሆነ እንዴት እንደረሳሁ እስካሁን አይገባኝም።

ስድስተኛውን ስተክል እሪታ ተሰማ። ከላይም ከታችም ሰው ጎረፈ፤ ዱላ የያዘ አለ፣ ጠመንጃ ያነገተ አለ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት አያ ሙሉነህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ችካሉ ላይ በደረታቸው ተደፉበት።

"በሬዎቼን አርዳችሁ ብሉ! ይህችን መስክ ግን እኔን ሳትቀብሩ አትወስዷትም!" እያሉ አለቀሱ።

"አያ፣ ጨዋታ ነው እኮ" አልኩ።

"ይህን የሚያህል ፈረንጅ በችካል ይጫወታል?" አለ አንድ ጎልማሳ ወደ እኔ እየተጠጋ። ዳን ሳህኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ዓይን ዓይኔን ያያል። እዚሁ ቀረን ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ያዳኑን የአጥቢያው ቄስ ናቸው። ሕዝቡን ገለል አድርገው ገቡና "ልጄ፣ ጨዋታ ከሆነ ማልልን" አሉኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ፣ ችካሉ የጨዋታ እንጂ መሬታቸውን የሚወስድ እንዳልሆነ በጊዮርጊስ ማልኩ። እነሱ ዘንድ ከመሐላ በኋላ ክርክር የለም። ዱላው ወረደ። አያ ሙሉነህ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡና "በል እስቲ ያን ሳህን ወዲህ በለው" አሉ። ወረወሩት፤ ዞሮ ሄዶ የራሳቸውን ላም ጀርባዋን መታት። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ዳን እስኪሄድ ድረስ ብዙ ቅዳሜ ተመላለስን። ችካሎቹን እዚያው እንተዋቸው ነበር። እንዳይነቀሉም አያ ሙሉነህ ራሳቸው ይጠብቁልን ነበር። ዳን አገሩ ሲገባ እኔም ፈተና ማረም ያዝኩ። ሄጄ አልነቀልኳቸውም። ምን ያደርጋሉ ብዬ።

በዓመቱ ግድም አያ ሙሉነህ በቅል ቅቤ ይዘውልኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"መምህር፣ ጨዋታችሁ አላለቀም እንዴ? እባክህ ለእንግዳህ ንገርልኝ። ዘንድሮ ችካሉን አበዛው፣ አሁን ደግሞ ሽቦ አዞረበት። ከብቶቹ ተራቡ።"

"አያ፣ እንግዳው ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ እነዚያ እነማን ናቸው?" አሉ።

ቁጭ አድርጌ ነገሩን ጠየቅኋቸው። ሰዎች መጥተው መስኩን ለክተዋል፤ ችካል ተክለው ቀይ ጨርቅ አስረውበታል። ጎረቤቱ እሪ ሊል ሲነሣ አያ ሙሉነህ "ተዉ፣ የመምህሩ ሰዎች ናቸው፤ ምሎልናል" ብለው አስቀምጠውታል። ለአንድ ችካል ነፍሱን ሊሰጥ የወጣ ሕዝብ፣ መስኩ ዳር እስከ ዳር ሲለካ ቁጭ ብሎ አየ። እንዲያውም ለለኪዎቹ ጠላ አውጥተውላቸዋል።

ያን ሳምንት ያላንኳኳሁት በር የለም። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ለመንኩ፣ ቆሜ መሰከርኩ። መልሱ አንድ ነበር፦ መስኩ ለመጋዘን ተሰጥቷል፣ ሲለካም የተቃወመ የለም። የሳህኑን ጨዋታ ሳስረዳ አንዱ ኃላፊ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። አያ ሙሉነህ አጠገቤ ቆመዋል። እዚያው እንባዬ መጣ፤ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

በኋላ በሬዎቻቸውን እንደሸጡ ሰማሁና ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ከጎናቸው አስቀመጡኝና "አንተማ የማልከው እውነትህን ነው" አሉኝ። "እኛም በመሐላህ አርፈን ተኛን።"

አሁን እንግዳ መጥቶ "የት ብሄድ ይሻለኛል?" ሲለኝ "አላውቅም" እላለሁ። ባልደረቦቼ ኩሩ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። መሐላዬ አይቆጨኝም፣ እውነት ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዘጠኝ ችካል መንቀል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።