ሶፋውን ያየ አባት

በመንገዳችን መታጠፊያ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ቤት አጠገብ፣ አንድ ሶፋ ሠሪ አለ። ሱቁ ከመጥበቧ የተነሳ የሶፋው ግማሽ ውስጥ፣ ግማሹ ደጅ ሆኖ ነው የሚሠራው። ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ መዶሻውን እያነሳ እያሳረፈ፣ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል፤ በምስማር መሃል ዜማ እንዴት እንደሚያልፍ እሱና ፈጣሪው ይወቁ። ዘፈኑ አንድ ብቻ ነው፤ በወጣትነቱ ካየው ጥቁርና ነጭ ፊልም የተረፈለት፦

ዓይኔ ሩቅ ለምዶ፣ አሻግሮ ሲያይ፣
የቅርቡን ረሳ፣ የደጁን ፀሐይ።

ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። የሚፈርደው ግን በሰው ላይ ሳይሆን በፊልም ላይ ነው። ሶፋ ሊያሠራ የመጣ ሰው የጨርቁን ቀለም ሳይመርጥ ስለ ትናንቱ ድራማ ተከራክሮ ይመለሳል።

«ያቺ ሴትዮ!» ብሎ ይጀምራል፤ ያቺ ሴትዮ የጥቁርና ነጩ ፊልም ዋና ተዋናይት ናት። «ባሏን ባቡር ጣቢያ ቆማ ትጠብቃለች። ባቡሩ መጣ። ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሱ የለም። ምን አደረገች? ጮኸች? ፀጉሯን ነጨች? በጭራሽ! ጀርባዋን ሰጠችን። እኛ ነን አዳራሹን በእንባ ያጠብነው። ለቅሶ እኮ ከትከሻ ነው የሚጀምረው፤ ዓይን ወሬው የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።»

«የአሁኖቹስ?» ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ፣ ነገር ፍለጋ።

«የአሁኖቹንማ ተዋቸው! ድሮ ሰው ለመሞት ግማሽ ፊልም ይፈጅበት ነበር። ተናዝዞ፣ ተሰናብቶ፣ እኛንም አዘጋጅቶን። ዛሬ ድንገት ይሞትና በሚቀጥለው ምዕራፍ ፀጉሩን ቀይሮ ከች ይላል።»

«እኔ ጋ ተስተካክሎ ነዋ!»

«ቤቱ ያን ያህል ሰፊ፣ ደረጃው ያን ያህል ረጅም፣ ምስጢር የሚወራው ግን ሁልጊዜ በር ሥር! አንዷ በጥፊ ስትመታ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ እየደጋገሙ ያሳዩናል። አንዴ አይበቃትም ልጅቷን?»

ደግነቱ አያዳላም። አንድ ግቢ እየኖሩ ስለማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች የሚተርከውን የዘንድሮ ድራማ «ዝም ማለት የሚያውቁ ሰዎች ተገኙ!» ብሎ ለወራት ሲያወድስ ነው የከረመው። ፍርዱ የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ማንንም አይፈራም፣ ለማንም አያጎነብስም።

አንዲት ልጅ አለችው። ያደገችው በዚያችው ሱቅ፣ በስፖንጅ ክምር ላይ እየዘለለች ነው። እሱ ክር እየጎተተ ፊልም ይተርክላታል፤ እሷ ደግሞ ያቺን ሴትዮ ሆና ጀርባዋን ትሰጠውና ትንንሽ ትከሻዎቿን ታንቀጠቅጣለች። «ትከሻሽ ገና ጥሬ ነው» ይላታል እየሳቀ። «ይበስላል፣ አይዞሽ።»

ልጅቷ አደገች፣ ቢሮ ተቀጠረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ «ትርፍ ሥራ አለኝ» እያለች መውጣት አመጣች። አባቷ አልጠየቃትም። እናቷ ግን ታውቅ ነበር፤ ልጅቷ በአዲስ ተከታታይ ድራማ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና እንድትጫወት ተመርጣለች።

«ለምን አትነግሪውም?» አለቻት እናቷ።

«ልጄ ናት ብሎ እንዳያዳላልኝ ነው፣ እማዬ። ለሌላው እንደሚፈርደው ይፍረድልኝ። እሱ አንዴ ደህና ነች ካለኝ ሌላ ማንም አያስፈልገኝም።»

ድራማው የሚጀምርበት ቅዳሜ ደረሰ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ በፀጉር አስተካካዩ ቤት ተሰብስቧል፤ ትልቁ ቴሌቪዥን ያለው እዚያ ነው። ጭንቅላቱ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ሳይቀር አንገቱን ወደ ግድግዳው አቅንቷል። ዳኛው የፊተኛው ወንበር ላይ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።

«አባዬ፣ አዲሱን ድራማ በደንብ እይልኝና ፍርድህን ንገረኝ» አለችው ልጁ።

«አንቺስ?»

«እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ።»

ሙዚቃው አለቀ። አንድ ሰፊ ሳሎን መጣ። እመቤቲቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ባዶው ቤት ውስጥ ሻሽ ያሰረች፣ የሌላ ሰው አሮጌ ቀሚስ የለበሰች ሠራተኛ ቀረች። ወደ ሶፋው ቀረበች። በጣቶቿ ጫፍ ነካችው። ዳር ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ሌባ፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዎቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

የመላጫው ማሽን ፀጥ አለ። ከአንገቷ አቀማመጥ፣ ግራ ትከሻዋን ሰብሰብ ከምታደርግበት ሁኔታ፣ ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አወቃት። አንዲት ጎረቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ዳኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«የእኔ ሶፋ!» ብሎ ጮኸ። «የእኔ ሶፋ እኮ ነው! ክንዱ ላይ ያለውን ስፌት እዩት፣ ድርብ ነው! ጣቴ እስኪቆስል ነው የሰፋሁት። ያሠራችኝ የባለ ትልቁ ቤት ሴትዮ ለፊልም ታከራየዋለች ማለት ነው? አይ ሶፋ!»

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳኛው… ልጅቷን… እስቲ ልጅቷን ተመልከታት።»

«የቷን? ይቺን ግንድ? ተነሺልን እባክሽ፣ ሸፈንሽን! ጀርባዋን ሰጥታን ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ አሳፍሯት ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ? ከሷ ሶፋው ይሻላል። ሶፋው ቢያንስ ዝም ብሎ ይተውናል!»

ማንም አልሳቀም።

እሱ ደግሞ ሳቁን ይጠብቅ ነበር። ምን ሆናችሁ ለማለት ዞር ሲል ዓይኑ ትልቁ የፀጉር ቤት መስታወት ላይ አረፈ። መስታወቱ ውስጥ፣ በሩ ጋ፣ ልጁ ቆማለች። በዚያችው ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ፊቷን አዞረች። የሁለቱም ዓይኖች እንባ ሞልተዋል። ሁለቱም አንድ ናቸው።

«እሺ፣ አባዬ» አለች፤ ታዝዛ እንደምትሄድ ልጅ፣ በቀስታ። ወጣች።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው። «እንኳን ደስ ያለህ! ክሩን አየህ፣ ስፌቱን አየህ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኳትን ግን አላየህም!»

«ተዪው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ ከውስጥ። «ያየውን ነው የተናገረው። እኔም የጠየቅኩት እሱን ነው። የቀሩትን ቀረጻዎች ጨርሼ እተወዋለሁ።»

«ልጄ…» አለ። በሩን ትክ ብሎ እያየ ቆመ። ጀርባዋን የሰጠችው ከእሱ ተምራ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው። በስፖንጅ ክምር ላይ የዘራውን ዘር፣ አፍርቶ ሲመጣለት፣ ግንድ አለው።

ከዚያ ወዲያ ዳኛው ዳኛ መሆኑ ቀረ። ድራማ በሚታይበት ሰዓት ሱቁን ይዘጋል። ወደ ቤቱ በጓሮ መንገድ ዞሮ ይሄዳል። ደንበኛ ስለ ፊልም ካነሳበት ስለ ጨርቅ ይመልሳል። ፀጉር አስተካካዩ በደግነት «እንዴት አደርክ፣ ዳኛው?» ሲለው ስሙ እንደ ጠባብ ጫማ ይቆነጥጠዋል። ያንጎራጉራት የነበረችውን ዘፈን ጀምሮ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ትቶ መዶሻውን ያነሳል። ዕድሜውን ሙሉ ሲዘፍናት ለሌላ ሰው የተገጠመች ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የባለ ትልቁ ቤት ሴትዮ ደወለች። «ወንድሜ፣ ሶፋህ አፍ አውጥቷል! ልጅቷ በተቀመጠች ቁጥር ሲጥ ይላል። ቀረጻውን ሁሉ አበላሸባቸው፤ ድረስልን!»

የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አልጠየቀም። መቀሱንና ክሩን ይዞ ሄደ።

ልጁ ሌላ ክፍል ፊቷን እየተቀባች ነበር። እሱ ሶፋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ የጀርባውን ጨርቅ ቀደደና እጁን አስገባ። ሲጥ የምትለዋን የሽቦ ሞላ አገኛት፤ ያሰረበት ገመድ ላልቷል። ሰፈር ሰብስቦ ባወደሰው ሶፋ ሆድ ውስጥ፣ የገዛ እጁ ቋጠሮ ተፈትቶ ጠበቀው።

«ለማስተካከል ሁሉም መፈታት አለበት» አለ።

«ጊዜ የለንማ፣ አባት!» አለ ዳይሬክተሩ፣ መስኮቱን እያየ። «ፀሐይዋ ልትሄድብን ነው። እዚያው ተኝተህ በእጅህ ብትይዝልንስ?»

ተኛ። ከሶፋው ጀርባ፣ አቧራው ላይ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ሶፋው ውስጥ ከትቶ። ካሜራው በማያየው ጎን፣ ሙጫ የፈሰሰባቸው ጫማዎቹ ብቻ ወጥተዋል።

በሶፋው እግሮች መሃል ሁለት እግሮች ሲመጡ አየ። የእሱ ጫማዎች አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ያን ሙጫ ልጁ እንዴት ትስተዋለች? እግሮቹ ትንሽ ቆዩና ዞሩ። ተቀመጠች። ክብደቷ በሞላዋ በኩል መጥቶ መዳፉ ላይ አረፈ። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ እንደዚያን ቀን ግን ከብዳው አታውቅም።

እመቤት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ድምፅ ተሰማ። «በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ ልጄን ጥሩልኝ ይላል። አባትሽ ነው?»

ከቃሏ በፊት መንቀጥቀጧ መጣ። ዳኛው በዓይኑ አላየውም፤ በሞላዋ ሽቦ ተጉዞ መዳፉን ነካው። ለቅሶ ከትከሻ ይጀምራል ሲል የኖረው ሰው፣ ከዚያም በታች ከሌላ ቦታ እንደሚነሳ በእጁ ዳሰሰው።

«አይደለም፣ እትዬ» አለች ልጁ። «አላውቀውም።»

ተጽፎ የተሰጣት ነው። ያውቃል። ቢሆንም ቃሉ አናቱን ነድሎት ገባ። እንባው በአፍንጫው ድልድይ ተሻግሮ አቧራው ላይ ወረደ፤ እንዳይጠርገው አንዱ እጁ ሞላዋን ይዟል፣ ሌላው ከሥሩ ተጨፍልቋል። እንዳይሰማበት እጅጌውን ነከሰ። ሞላዋ ሲጥ አላለችም።

«ቁረጡ!»

ከመብራቱ ጋ አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ።

«አባት፣ እጅህ ይባረክ!» አለ ዳይሬክተሩ። «ሰኞ የመጨረሻው ቀናችን ነው። እስከዚያ ካልተሠራ መልሰን እናስተኛሃለን፣ እወቀው!»

ዳኛው በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ፀጉሩ ላይ ስፖንጅ፣ ጉንጩ ላይ ጭቃ የሆነ አቧራ። ልጁ ሻሿን እየፈታች ከፊቱ ቆማለች። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ሶፋውስ እንዴት ነበር፣ ዳኛው?» አለችው።

አባዬ አላለችውም።

«ሶፋውን…» አለ። «ሶፋውን አላየሁትም።»

እጇን ዘርግታ ከቅንድቡ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ አነሳችለት፤ በጣቶቿ መሃል አድቅቃ ጣለችው። እሱ ፊቱን የሚሸሽግበት ሲያጣ ጎንበስ ብሎ ክሩን መፈለግ ጀመረ።

«አሁኑኑ አጥብቄ አስራታለሁ» አለ። «ዳግመኛ አታስቸግርሽም።»

ልጅቷ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ዞር ሳትል ቆመች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«አባዬ» አለች፣ «እስከ ሰኞ ተዋት።»