ምስማር ያልተመታበት ቤት

የዚያን ዓመት ክረምት የደባርቅ ሰው እስካሁን ያነሣዋል። ጉሙ በበር ገብቶ ከሰው ጋር የሚቀመጥ ይመስል ነበር፤ የታጠበ ልብስ በሳምንቱም አይደርቅ፣ ልብም እንደ ልብሱ እርጥብ ነበር። ዕፀገነት ከዳባት ተዛውራ መዝገብ ቤት ሥራ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

የተከራየችው ከወይዘሮ በለጠች ግቢ አንድ ክፍል ነው፤ ጭቃ ቤት፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ አሮጌ መደብ ያለበት። ወይዘሮ በለጠች ቁልፉን ሲሰጧት አንድ ነገር አስጠነቀቋት፤ ምስማር አንዲት እንዳትመታ፣ ምርጉ ይረግፋልና። በመደቡ አፍረው በበጋ አስፈርስልሻለሁ ቢሏት፣ ይቅር አለች።

ልጅቱ በስልኳ ቦሄሚያን የሚሉትን የቤት አያያዝ አይታ ልቧ ተነሥቶ ኖሯል፤ ያረጀውን፣ ቀለሙ የተለያየውን፣ በእጅ የተሠራውን አንድ ላይ አዋህዶ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ደመወዟ ለአልጋ እንኳ አይበቃ፣ ይህ ግን ካሮጌ ነገር የሚሠራ ነውና ተስማማት። ገበያ ወጥታ፣ ሰጠኝ የሚባሉ ከስሜን የወረዱ ገበሬ ብል የበላው የበግ ጠጉር ባና ይዘው አገኘች። እንዲሸጡላት ብትጠይቃቸው፣ ለአህያሽ ከሆነ ይሁን፣ ለሰው ነውር ነው እያሉ እየሳቁ ሰጧት። ደህና ደህናውን ቆርጣ መከዳ ሰፋች፣ የጤፍ ጭድ ሞላችበት። ልብስ ሰፊው ደርቤ ከመኪናው ሥር የሚጠርገውን ቁርጥራጭ ለቅማ መጋረጃ ገጣጠመች። ታቹ ያለቀ ሰፌድ ከየጎረቤቱ ሰብስባ፣ ምስማር ተከልክላለችና፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ በቃጫ አንጠለጠለችው። መደቡን በቀይ አፈር ለቀለቀችው። ጥቅምት ገብቶ ፀሐይ በበር ዘልቃ በዚያ ሁሉ ቀለም ላይ ስታርፍ፣ ክፍሉ የሳቀ መሰላት።

ደስታዋ ሳምንት አልሞላም። አንድ ማለዳ ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ቀይ ዶሮ ታቅፋ ከደጃፏ ቆማ፣ "ቃልቻዋ ተነሥተዋል?" አለቻት። ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ፣ ከላይ የሚንጠለጠል ነገር፤ በበር ያየ ሁሉ ባለ ዛር ገባች ብሎ አውርቶ ኖሯል። ወይዘሮ በለጠች በርበሬ ከሚያሰጡበት ሰምተው መጡ።

"በእኔ ግቢ ዛር አይወርድም። እስከ ኅዳር ሚካኤል ውጪልኝ።"

ብታስረዳም አልሰሟት። ቤቱስ ይቅር፤ ይህ ስም ከተለጠፈባት ደባርቅ ላይ ማን ያከራያታል?

በነጋታው ወይዘሮ በለጠች የነፍስ አባታቸውን አባ ተክለ ማርያምን ከነጠበላቸው አስመጡ። አባ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ አራቱን ማዕዘን ረጩ፣ ጸሎታቸውን አደረሱ። ከዚያ እጃቸው ባናው ላይ ቀረ። ደጋግመው ዳሰሱትና ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዕፀገነትን ቀና ብለው አዩ።

"ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?"

"አስተማሪስ የለኝ፣ አባ። ምስማር ስለተከለከልኩ ነው።"

አባ ሳቁ። "እናቴ መደቧን እንዲህ ትለቀልቅ ነበር። ሠለጠንን ብለን ያፈረስነው እኛ ልጆቿ ነን።" ከዚያ በር ላይ ወደ ቆሙት ዞሩ። "በለጠች፣ ጠበሉ ተርፏል፤ ለሶፋሽ ይሁን። ላስቲኩን ሳታወልቂለት ይኸው አምስት ዓመት፣ በተቀመጥሁ ቁጥር ያንሸራትተኛል። ሰይጣን ካለ እዚያ ነው።"

ወይዘሮ በለጠች ሊቆጡ አስበው ሳቅ ቀደማቸው።

ኅዳር ሚካኤል መጣ፣ ሄደም፤ ስለ መውጣት ያነሣ የለም። እንዲያውም በበዓሉ ለት ወይዘሮ በለጠች ራሳቸው ከጓዳ የእናታቸውን አሮጌ አገልግል አቧራውን አራግፈው አመጡና የት እንደሚያምር ጠየቋት። የቀሩትንም ሁለት ክፍሎች እንድታሰናዳላቸው ለመኗት፤ ተከራይ ተሽቀዳደመባቸው። ባለ ቀይ ዶሮዋም ሴት ተመልሳ መጣች፣ መከዳ ልታሰፋ።

ዕፀገነት መዝገብ ቤቱን ለቃለች። መጨረሻ እንደተሰማው ስሜን ተራራ ላይ፣ ቡይት ራስ ነው ያለችው፤ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ክፍሎች ታሰናዳለች፣ መኖሪያዋም እዚያው ነው።